ጎንደር ያለ ፋይል ለምን ባሕር ተሻግሮ ይመጣል?

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኢንተርኔት አቅራቢዎችና የፋይል መጋሪያ ሶፍትዌሮች ተባብረው እንዲሠሩ መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

ጎንደር ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገንና ሶፍትዌር በመጫን የምተዳደር ሰው ነኝ። ለእናንተ የምጽፈው የአገልግሎት ጥራትም ሆነ የኔትወርክ ትስስር ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 በእናንተ እጅ ስለሆነ ነው። ልመናዬ አጭር ነው፦ ከተማችን ውስጥ ያለ ፋይል ከከተማችን ይውረድልን።

ማራኪ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና በቶረንት (በቢትቶረንት የፋይል መጋሪያ ዘዴ) ሲያወርድ ፋይሉ ከአንድ ቦታ አይመጣለትም። በትናንሽ ቁራጮች ተከፋፍሎ፣ ቀድመው ካወረዱ ሰዎች ኮምፒውተር ይሰበሰባል። ብራም ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2001 ቢትቶረንትን ሲሠራ ያመጣው ብልሃት ይኸው ነው። ሶፍትዌሩ ግን ከማን እንደሚወስድ የሚመርጠው በዘፈቀደ ነው። ፒያሳ ያለ ጓደኛው ያንኑ ፋይል ትናንት አውርዶ ለሌሎች ክፍት ቢተወውም፣ ሶፍትዌሩ ሰፈር አያውቅምና ከጀርመን ወይም ከብራዚል ሊያመጣለት ይችላል። የባሕር በር ስለሌለን ያ ቁራጭ በጎረቤት አገር በኩል ገብቶ፣ ዋጋው ውድ የሆነውን ዓለም አቀፍ መስመር አጣቦ፣ የአገር ውስጡን ረጅም መንገድ ጨርሶ ነው ማራኪ የሚደርሰው። ያው ፋይል ለሚቀጥለው ተማሪም እንደገና በዚያው መንገድ ይመጣል።

ተማሪዎቻችን ይህን ነገር በእጃቸው ካስተካከሉት ቆይተዋል። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው በፍላሽ ወይም በዜንደር ይወስዳል። ዶርም ውስጥ አንድ የትምህርት ቪዲዮ ሁለት ጊዜ የሚያወርድ የለም። ኔትወርኩም እንዲህ ማሰብ ይችላል።

ዘዴው ተሠርቶ የተፈተነ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ፒ ፎር ፒ የተባለውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2008 አቀረቡ። ኢንተርኔት አቅራቢው አንድ ሰርቨር (ጥያቄ የሚመልስ ኮምፒውተር) ያቆማል። ሶፍትዌሩ ቁራጮቹን መሳብ ከመጀመሩ በፊት፣ ካሉት ሰዎች ውስጥ በኔትወርኩ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ሰርቨሩን ይጠይቃል። አቅራቢው የመስመሩን ምስጢር ሳያወጣ ቅርበቱን በቁጥር ብቻ ይመልስለታል። የአሜሪካው ኢንተርኔት አቅራቢ ኮምካስት በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሞክሮት ማውረዱ ፈጠነ፤ ትራፊኩም (የሚመላለሰው ዳታ) ከበፊቱ ይልቅ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ቀረ። የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ አልቶ በሚል ስያሜ እ.ኤ.አ. በ2014 በፕሮቶኮልነት (ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት ደንብነት) አውጥቶታል።

ኮምካስት ከዚህ የደረሰው ግን መጀመሪያ ተጋጭቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የቢትቶረንት ተጠቃሚዎችን ግንኙነት በሐሰተኛ የማቋረጫ መልእክት እየበጠሰ መሆኑ ታወቀና ደንበኞች ተቆጡ። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በነሐሴ 2008 ይህን እንዲያቆም አዘዘው። በ2010 ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ይህን ለማዘዝ ሥልጣን የለውም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ሆኖም ኩባንያው በመጋቢት 2008 ከቢትቶረንት ኩባንያ ጋር ተባብሮ ለመሥራት መስማማቱን አስታውቆ ነበር። እኛ ያን ሁሉ ክርክር ማለፍ አይጠበቅብንም፤ በቀጥታ ከትብብሩ መጀመር እንችላለን።

ፋይል መጋራት ሲባል የተሰረቀ ፊልም ብቻ የሚታያቸው አሉ። ዊንዶውስ 10 ራሱ እኮ ዝመናዎችን በአንድ ቢሮ ኔትወርክ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች እንዲቀባበሉ ያደርጋል። ሌብነቱን በተመለከተ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የምጠይቀው አሠራር ከዚያ አንድ አንቀጽ አይነካም።

መመሪያው ሲዘጋጅ ሦስት ነገር እንዳይረሳብኝ አደራ እላለሁ። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኞች አንድ የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ይጋራሉ፤ ስለዚህ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ስልኮች እንኳ በቀጥታ መገናኘት ይቸግራቸዋል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን አድራሻ መስጠት የሚያስችለው አይፒቪ 6 እስከ ደንበኛው ካልደረሰ ሰርቨሩ ቅርቡን ቢጠቁምም ቅርቡ ሰው በሩ ዝግ ነው። ሁለተኛው የጥቅል ጉዳይ ነው። ለጎረቤቱ ያካፈለ ሰው ከጥቅሉ የሚቆረጥበት ከሆነ ማን ያካፍላል? በከተማው ውስጥ የሚቀረው ትራፊክ ለብቻው፣ በረከሰ ዋጋ ይታሰብ። ሦስተኛውን ግን ከሁሉም አስበልጬ ነው የምለምናችሁ፦ ሰርቨሩ ማን ምን እንዳወረደ በጭራሽ አይመዝግብ። ሥራው ቅርበትን መንገር ነው፤ ለዚያ የሰው ስምም የፋይል ስምም አያስፈልገውም። ይህ በመመሪያው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ሰው አያምነውም፤ ሰው ያላመነውን ደግሞ አይጠቀምበትም።

ሙከራው ጎንደር ላይ ይጀመር። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲያችን ከተማው ውስጥ ግቢዎቹን ዘርግቷል፤ አንድን ፋይል በአንድ ሳምንት የሚፈልጉ ብዙ ተማሪዎች እንደዚያ ተሰብስበው የሚገኙበት ቦታ ጥቂት ነው። አቅራቢዎቹን፣ ዩኒቨርሲቲውንና እንደኔ ያለነውን የከተማዋን ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጥሩን። ከአንድ ሴሚስተር ሙከራ በኋላ ምን ያህል ትራፊክ ከተማው ውስጥ እንደቀረ ቁጥሩ ለሕዝብ ይነገር።

ምላሻችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከጎንደር