ካሜራውን በር ላይ አቁሙት፤ ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ወረርሽኝ ባሕር ዳር ቢገባ በምን እንይዘዋለን? ቶሎ የሚመጣው መልስ ቴርማል ካሜራ፣ ማለትም ሙቀትን ከርቀት የሚያሳይ ካሜራ ነው። መናኸሪያው ላይ፣ ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ይሰቀልና ትኩሳት ያለበትን ከሕዝብ መሀል ነጥሎ ያውጣልን ይባላል። ካሜራው ይገዛ ከተባለ አልቃወምም። የምለምናችሁ ሕዝብ ላይ እንዳትሰቅሉት፣ ሰው አንድ በአንድ በሚያልፍበት በር ላይ እንድታቆሙት ነው።

ካሜራው የሚያየው የቆዳን ሙቀት ብቻ ነው። እስቲ የጥምቀትን ዕለት አስቡት። ጸበል ሲረጭ ፊቱ የራሰ ሰው፣ ትኩሳት ቢያቃጥለውም ለካሜራው ቀዝቃዛ ነው። እናቶቻችን ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበዋል። ከዘጌ በጀልባ የመጣውን የጣና ነፋስ ፊቱን ሲመታው ቆይቷል። ቀትር ላይ ባጃጅ ሲጠብቅ ፀሐይ የጠበሰው ጤነኛ ወጣት ግን ስክሪኑ ላይ ቀልቶ ይታያል። ሁለት ፓራሲታሞል የዋጠ ሕመምተኛ ደግሞ ሰተት ብሎ ያልፋል።

መሣሪያው በአግባቡ ሲሠራ እንዲህ ነው። ሰው አንድ በአንድ ይቆማል። መነጽርና ሻሽ ይነሣል። የሚለካው በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ ነው። ክፍሉ ነፋስና ፀሐይ የማይገባበት፣ ሙቀቱም ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ከውጭ የመጣ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል አረፍ ይላል። ካሜራው ካመለከተም በትክክለኛ ቴርሞሜትር ይደገማል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ብዙ ሰውን በአንዴ መለካት እንደማያዋጣ በግልጽ ተናግሯል።

በኮሮና ጊዜ ያየነውን እናስታውስ። ጥበቃው ቴርሞሜትሩን እጅ ላይ ይደግናል፣ 34 ያነባል፣ «ይግቡ» ይላል። እውነተኛ የሰውነት ሙቀቱ 34 የሆነ ሰው እኮ ሐኪም ቤት መወሰድ ነበረበት! ካናዳም እንደ አውሮፓውያን በ2003 ሳርስ ሲነሣ በአውሮፕላን ማረፊያዎቿ በሚሊዮን የሚቆጠር መንገደኛ አጣርታለች። አንድም የሳርስ ሕመምተኛ አልተገኘም። ማርበርግም ምልክት ሳያሳይ እስከ 21 ቀን ሊቆይ ይችላል።

ደግሞ ሁሉም ወረርሽኝ ትኩሳት የለውም። በ2015 ክረምት ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ኮሌራ አብዛኛውን ጊዜ አያተኩስም። እዚያ ካሜራ ቢቆም ኖሮ «ሁሉም ደህና» ባለ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ገንዘቡ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት ላይ ቢውል ሰው ያድናል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ካሜራው ከጮኸ በኋላ ያለው ነው። በእኛ አካባቢ ያተኮሰው ሰው ብዙ ጊዜ ወባ ይዞት ነው፣ በተለይ ከመስቀል በኋላ። እንደ አውሮፓውያን በ2024 እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። የቀን ሠራተኛው ወይም ባለ ጀልባው ከሰው ፊት ተጎትቶ ከወጣና የቀን ገቢው ከቀረበት፣ በማግስቱ ያተኮሰው ሁሉ ይደበቃል። ያን ጊዜ ወረርሽኙን የምናገኘው ቤት ለቤት ከተዛመተ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከበሩ ጀርባ ጥላ ያለው ድንኳን ይኑር። ውኃ ይኑር፣ ሰው የሚያናግር ባለሙያ ይኑር። ጣት ተወግቶ ወባው እዚያው ይታይ፣ መድኃኒቱም እዚያው ይሰጥ። ወባ ቢገኝበትም ከየት እንደመጣና ከታመመ ሰው ጋር ንክኪ እንደነበረው ይጠየቅ፣ ወባውና ወረርሽኙ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉና። እንዲቆይ የተባለ ሰው ቤተሰቡ ምን እንደሚበላ ከወዲሁ ይወሰን። ይህ ሁሉ ተጽፎ፣ ጥምቀት ከመድረሱ በፊት በየደብሩ፣ በየመናኸሪያውና በየጀልባ ማቆሚያው እንዲነገር እጠይቃለሁ። መልሳችሁንም በአደባባይ ብትሰጡን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የባሕር ዳር ነዋሪ