ብሎንና ሴንሰር በክንድ ግምት ማሰር ይቅር

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የትንንሽ መኪኖች፣ በተለይም የያሪስና የቪትዝ፣ ሞተር በጋራዦቻችን ሲፈታና ሲገጠም አዘውትሬ የማየው አንድ ልማድ እንዲታረም ይህን እጽፋለሁ። ካንዴላውም (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ ሴንሰሩም፣ የዘይት ማፍሰሻው ብሎንም የሚታሰሩት በመካኒኩ ክንድ ግምት ነው፤ ለረዳቱም «ጠበቅ አድርገው» ከሚለው ቃል ሌላ ልክ አይነገረውም።

የእነዚህ መኪኖች ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አሉሚኒየም ስለሆነ፣ የብረት ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅበት ቀድሞ የሚበላው በቴስታታው ቀዳዳ ውስጥ ያለው የብሎን ጥርስ ነው። በያሪስና በአንዳንድ ቪትዞች ላይ የሚገኘው ዋን ኤንዜድ ሞተር ካንዴላው በ18 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ልክ መለኪያ ነው)፣ ያውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ እንዲታሰር ይፈልጋል። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል ለያዘችው ትንሽ ብሎን ደግሞ 9 ይበቃታል፤ ይህም 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 6 ኪሎ ግራም ያህል እንደ መጫን ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ በ20 ኒውተን ሜትር በሞተሩ ብሎክ ላይ የሚታሰረው ኖክ ሴንሰር ነው። ሥራው ነዳጁ በሲሊንደር ውስጥ በድንገት ሲፈነዳ የሚፈጠረውን ንዝረት ማዳመጥ በመሆኑ፣ ከላላ ንዝረቱ በወጉ አይደርሰውም፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ወይም መቀመጫው ላይ ዝገት ከቀረ የሚልከው ምልክት ይዛባል። የሞተሩ ኮምፒውተር በዚህ ተሳስቶ የካንዴላውን እሳት ሲያዘገይ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ነዳጅም ይበላል፤ ባለመኪናውም አላግባብ የታሰረውን ደህና ሴንሰር ለመቀየር መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይወርዳል።

የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ መለኪያ ቁልፍ አለን የሚሉ ጋራዦችም ብዙውን ጊዜ ያላቸው ለጎማ ዳዶ የሚሆነው ትልቁ ነው። 103 ኒውተን ሜትር ለሚጠይቅ የጎማ ዳዶ የተሠራ ቁልፍ 9ን በትክክል ስለማይለካ፣ ለሴንሰርና ለካንዴላ ከ5 እስከ 25 የሚለካ ትንሽ ቁልፍ ለብቻው ሊገዛ ይገባል። አምራቹ ካላዘዘ በቀርም ጥርስ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት አያስፈልግም፤ በተቀባ ጥርስ ላይ ቁልፉ ያንኑ ቁጥር ቢያሳይም ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይሳባል።

ስለዚህ የሙያ ብቃት ምዘና የሚሰጡ አካላት በተግባር ፈተናው ተፈታኙ ካንዴላና ሴንሰር በመለኪያ ሲያስር እንዲመለከቱ፣ የጋራዥ ባለቤቶችም ብሎኑ የታሰረበትን ቁጥር በደንበኛው የሥራ ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ