ድመቶቹን የያዘችው ልጅ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ብቻ ጉልበቴን ትላለች፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ግን አትሰማም።

ትናንት በቴሌግራም የላክሽውን፣ ሰውየው፣ ድመቶቹ፣ ውሃውና ወንበሩ ሁሉ አየር ላይ የተንሳፈፉበትን ፎቶ አየሁት። «አባዬ፣ ይሄ ኤአይ ነው አይደል?» ብለሻል። ሳቄ መጣ። ሰውየው ስፔናዊው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ ነው፣ ፎቶው የተነሳው በ1948 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ፊሊፕ ሃልስማን በሚባል ፎቶ አንሺ ስቱዲዮ ውስጥ። ያኔ ኤአይ ማን ቤት ነበር?

የሥዕል ማቆሚያውና ሥዕሎቹ በቀጭን ሽቦ ከላይ ተንጠልጥለዋል። በግራ በኩል አየር ላይ ያለውን ወንበር ከጎን ሆና የያዘችው የሃልስማን ሚስት ኢቮን ናት። ከዚያ ሃልስማን ይቆጥራል፤ ሦስት ሲል ረዳቶቹ ሦስት ድመትና አንድ ባልዲ ውሃ ይወረውራሉ፣ አራት ሲል ዳሊ ብሩሹን እንደያዘ ይዘላል። አለቀ መሰለሽ? ፊልሙ ጨለማ ክፍል ገብቶ እስኪታጠብ ምን እንደወጣ አይታወቅም እኮ። አንዴ ውሃው ዳሊ ላይ ይደፋል፣ አንዴ ዳሊ ዘግይቶ ይዘላል፣ አንዴ ደግሞ ሳይታሰብ ሰው መሃል ይገባል። ወለሉ ይወለወላል፣ ድመቶቹ ከየተደበቁበት ይለቀማሉ፣ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። 28 ጊዜ! ስድስት ሰዓት ፈጅቷል።

መጀመሪያማ ዳሊ ዳክዬ በድማሚት እናፈንዳ ብሎ ነበር፤ ሃልስማን እስር ቤት እንገባለን ብሎ ነው ያስቀረው። በኋላ ሲጽፍ፣ እኛ በስብሰን ደክመን አለቅን፣ ድመቶቹ ግን ምንም አልሆኑም ይላል። እሱን እንኳ ድመቶቹ ቢናገሩት ይሻል ነበር።

ሁሉም ነገር የተንሳፈፈው በከንቱ አይደለም። ዳሊ በዚያ ሰሞን በአቶም ነገር ተይዞ ነበር፤ አቶም ውስጥ ምንም ከምንም አይነካካም በሚለው። በቀኝ በኩል ያለውን «ሌዳ አቶሚካ» የሚባለውን ሥዕሉን ልብ ብለሽ እዪው፣ ሴትየዋ የተቀመጠች ትመስላለች እንጂ ምንም አልነካችም።

በአንድ ነገር ግን ልክ ነሽ፣ ትንሽ ማታለል አለበት። ሲነሳ የማቆሚያው ፍሬም ባዶ ነበር፣ ሥዕሉን ዳሊ በኋላ ነው የሠራለት። ሽቦዎቹና የኢቮን እጅም ጠፍተዋል። ያልተነካካውን ፎቶ ፈልገሽ ተመልከቺ፣ እኔ እሱን ነው የምወደው።

ድመቶቹን እየያዘች በፎጣ ታደርቅ የነበረችው ማን መሰለችሽ? የሃልስማን ልጅ አይሪን፣ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ። እሷን ሳስብ አንቺ ነሽ የመጣሽብኝ። ፎቶ ቤታችን ውስጥ ሕፃን ሊነሳ ሲመጣ ከኋላዬ ቆመሽ ቁልፍ ታንኳኪለት ነበር፣ ካሜራውን እንዲያይ። አንድ ቀን ገና መቀመጥ ያልቻለ ልጅ መጣና ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቀሽ ጀርባውን ደግፈሽ ያዝሽው። ፎቶው ሲታጠብ አራት ጣትሽ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። እናትየው «ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው?» ብላ አልቀበልም አለች፣ በነፃ ድጋሚ አነሳሁላት።

ያንን ፎቶ አልጣልኩትም። ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ ነገ ፈልጌ በስልክ አንስቼ እልክልሻለሁ። ጥፍርሽ ያኔም የተበላ ነበር።

አባትሽ