የፍጻሜ ብዛት የጌም ሚዛን አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በጋዜጣችሁ የሚወጡ የቪዲዮ ጌም ግምገማዎች «ይህን ያህል ፍጻሜ አለው» የሚለውን፣ ማለትም ታሪኩ እንደ ተጫዋቹ ምርጫ በስንት መንገድ እንደሚያልቅ፣ እንደ ትልቅ ብልጫ ይቆጥሩታል። ቁጥሩ ግን ብዙም አይናገርም። መጠየቅ ያለበት ጌሙ የተጫዋቹን ውሳኔ ከየት ጀምሮ እንደሚያስታውስና የት ቦታ መልሶ እንደሚያነሳው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ማስ ኢፌክት 3ን እንመልከት። ተጫዋቹ ማንን እንዳዳነ፣ ማንን እንደከዳ በሦስት ተከታታይ ጌሞች ሲመዘገብ ከርሞ፣ መጨረሻው ላይ ሦስት አማራጭ ይቀርብለታል። ከዚያ የሚከተለው ቪዲዮ ግን ከቀይ፣ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ ቀለሙ በቀር እምብዛም አይለያይም ነበር። የተጫዋቾች ቁጣ ስለበረታ የጌሙ ሠሪ ባዮዌር በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የተራዘመ ፍጻሜ በነጻ ለቀቀ። ውጊያው አልተነካም፤ የተጨመረው በአብዛኛው ከውሳኔው በኋላ ማን ምን እንደሆነ የሚያሳይ ትዕይንት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዊቸር 3 ሌላ መንገድ ይዟል። ዋናው ገጸ ባሕርይ እንደ ልጁ ያሳደጋት ሲሪ የሚገጥማትን ዕጣ የሚወስኑት ቀደም ብለው የሚያልፉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፦ ስታዝን አብሯት በረዶ መወራወር (ለድሬ ልጅ ይህ ራሱ ልብ ወለድ ነው)፣ ከጠንቋዮቹ ጋር ብቻዋን እንድትነጋገር መተው፣ ተናዳ ላቦራቶሪውን ስትሰባብር አለመከልከል። ነገሩ ከተማችንን ድሬዳዋን እንደሚያቋርጠው እንደ ደቻቱ ወንዝ ነው፤ ደረቅ አሸዋ መስሎ ይከርምና ደጋ የዘነበው ዝናብ ከተማ ይደርሳል። ሳይለንት ሂል 2 ደግሞ ጥያቄ እንኳ አያቀርብም። ቁስሉን ሳያክም የሚቆይ፣ ቢላዋውን ደጋግሞ የሚመለከት ተጫዋች ሳይታወቀው ወደ ጨለማው ፍጻሜ ይገፋል።

«ታዲያ መንገዱን ሁሉ ለምን አይለያዩትም?» የሚል ካለ ሒሳቡ ይህ ነው፦ ሁለት ሁለት ምርጫ ያላቸው 10 መገንጠያዎች ሙሉ በሙሉ ቢለያዩ 1,024 መንገድ ይወጣል። ያን ሁሉ ጽፎና ፈትኖ የሚጨርስ የለም። ስለዚህ ሠሪዎቹ መንገዶቹን ከጥቂት ትዕይንት በኋላ መልሰው ያገናኙና ውሳኔውን ብቻ መዝግበው ያስቀምጣሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ጥፋቱ የተመዘገበው ነገር ሳይነሳ ሲቀር ነው፤ በምዕራፍ 2 ምሕረት የተደረገለት ሰው በምዕራፍ 6 እንደ እንግዳ ሰላም ካለ ምርጫው ጌጥ ነበር ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ምዝገባው ሲዛባ ነው፤ የሞተው ሰው በሕይወት እንዳለ ሆኖ ይወራለታል።

ገምጋሚው ይህን መፈተሽ ከባድ አይሆንበትም። ከውሳኔው በፊት ጨዋታውን በአዲስ ቦታ ሴቭ ያድርግ (የደረሰበትን ያስቀምጥ)፤ በራስ ሰር ሴቭ አይተማመን፣ የቀድሞውን አጥፍቶ አዲሱን ይደርብበታልና። አንዱን ምርጫ ይዞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጫወት፣ ከዚያ ተመልሶ ሌላውን ይሞክር። ማን የተለየ ነገር ተናገረ? የትኛው በር ተዘጋ? የትኛው ተልዕኮ ጠፋ? የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ደጋግሞ ከፍቶ ፍጻሜ መቁጠር ነው የሚያሳስተው።

ጌም ቤት ለሚጫወቱም አንድ ነገር፦ ማሽኑ የጋራ ስለሆነ የትናንቱ ሴቭ ዛሬ ተደርቦበት ሊገኝ ይችላል። በፕሌይስቴሽን 4 ሴቭ የሚቀመጠው በየተጠቃሚው ስለሆነ የጌም ቤቱን ባለቤት የራስ ዩዘር (የተጠቃሚ መለያ) ማስከፈት ይበቃል።

በቀጣይ ግምገማዎች ከፍጻሜው ቁጥር ጎን ውሳኔው የተነሳበት ሰዓትና ምዕራፍ ቢጻፍልን እንወዳለን።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ