አስታምማችሁ ለመድረክ ላበቃችሁኝ

ደብረ ማርቆስ ላላችሁ ዘመዶቼ፣ ጎረቤቶቼና የኪነት ጓዶቼ፦

ሰሞኑን መድረክ ላይ ስታዩኝ «ይሄ ልጅ ሞተ አልተባለም እንዴ?» ብላችሁ መጠያየቃችሁን ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም፤ ቲቢው አክስቶኝ ቁምጣዬ ከወገቤ አልቆም ብሎ ነበር። ኤች አይ ቪ በደሜ እንዳለም በሹክሹክታ ሰምታችኋል። ዛሬ ከራሴ አፍ ስሙት።

እናቴ ሆይ፣ የአጃ ሾርባሽን ስመልሰው ደግመሽ እያሞቅሽ ስላጠጣሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። የአብማ ማርያም ሰፈር የእድር እናቶች፣ ተራ ገብታችሁ አብራችኋት አድራችኋል። የቲቢ ክፍል ሲስተሮች ደግሞ ክኒኑን ዓይናችሁ እያየ አስውጣችሁኛል፤ ከምላሴ ሥር ልደብቅ ስሞክር እንኳ ማን አምልጧችሁ!

አልጋ ላይ ሳለሁ የእህቴ ልጅ የአንድ እንግሊዛዊ ታሪክ ከስልኳ ታነብልኝ ነበር። ጆን ከሪ ይባላል፣ የበርሚንግሃም ልጅ ነው። ዳንስ ልማር ሲል አባቱ ለወንድ አይሆንም አሉት፤ በበረዶ ላይ በጫማ መንሸራተቱን ግን ስፖርት ነው ብለው ፈቀዱለት። እሱ ታዲያ ዳንሱን እዚያው በረዶ ላይ ሠራው። እጁን እንደ ባሌት ዘርግቶ ሲንሸራተት የወንድ አይደለም ያሉት ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢንስብሩክ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት የአውሮፓም የዓለምም ሻምፒዮን ሆነ። ወንድ የሚያፈቅር ወንድ መሆኑም በዚያው ዓመት ጋዜጣ ላይ ወጣበት። ይህን ሳነሳ ፊቱን የሚያጨማድድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ያበረታኝን ሰው ግን ለዚያ ብዬ አልደብቅም።

በ1987 ቫይረሱ ተገኘበት። በ1992 ሕመሙን ራሱ ለጋዜጣ ተናገረ። ያንን ስሰማ ነው እኔም ልናገር ያልኩት። እንደኔው እናቱ ቤት ተኝቶ፣ እናቱ እያስታመሙት በሚያዝያ 1994 በ44 ዓመቱ አረፈ። ሕይወት የሚያቆየው የተቀናጀ መድኃኒት የመጣው በ1996 ነው። ሁለት ዓመት! እኛ አገር ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ የሚታደለውን ክኒን በየማታው ስውጥ እሱ ትዝ ይለኛል።

አባዬን ወደ መጨረሻ ያስቀረሁት ረስቼው አይደለም። ልጅ ሳለሁ እስክስታ ስመታ ባየኝ ቁጥር «አዝማሪ ልትሆን ነው?» እያለ በከዘራ ያባርረኝ ነበር። የታመምኩ ለት ግን ሰው ይምጣ ሳይል በዚያ ባረጀ ጀርባው አዝሎ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝ። የጆን አባት ልጃቸው 16 ዓመት ሲሆነው ስለሞቱ ወርቁን አላዩለትም። የኔው ባለፈው እሑድ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየኝ።

የኪነት ጓዶቼ፣ ቦታዬን ለሌላ ሳትሰጡ፣ ቁምጣዬን አጥባችሁ ስለጠበቃችሁኝ ውለታችሁ አለብኝ። ስንወጣ አባዬን እንዴት ነበር ብትሉት ምን እንዳለ ሰምታችኋል፦ «ግራ ትከሻው ከከበሮው ወደኋላ ይቀራል»። እውነቱን ነው አባዬ፤ እየተለማመድኩ ነው።