ጠመንጃዋን ከመሸጥህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የሚኒሶታም ብርድ እስካሁን አልጣለኝም። ስንት ዘመን ዝም ተባባልን! ማን ቀድሞ እንዳቆመ መቁጠሩን ትተን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የጋራ ወዳጃችን ሰሞኑን ደውሎ ጉድህን ነገረኝ። ኮሎራዶ ላይ ለኤልክ፣ ለዚያ ትልቅ አጋዘን፣ አደን የገዛሃት 30-06 (በምትጎርሰው ጥይት ዓይነት የተጠራች) ጠመንጃ ጥይት እየበተነች አስመርራሃለች፤ ልትሸጣት ነው አሉ። እባክህ ቆይ! በፈረንጆቹ ከ1906 ጀምሮ ሲተኮስ የኖረ ጥይት እንዲሁ አይታማም።

መጀመሪያ የኢላማውን ወረቀት እይ። ጥይቶቹ ተሰብስበው ከመሐሉ ወደ አንድ ጎን ከወደቁ ጠመንጃዋ ጤነኛ ናት፤ ከላይዋ የታሰረውን የማነጣጠሪያ መነጽር ማስተካከያ ማዞር ብቻ ነው። በብዙዎቹ መነጽሮች አራት ቀጭታ (ማስተካከያው ሲዞር «ቀጭ» የሚልበት እርምጃ) ጥይቱ የሚያርፍበትን በ100 ያርድ አንድ ኢንች ያህል ያስኬዳል። ችግሩ መበተኑ ነው፣ እሱም ዓይነት አለው። ሁለት ቦታ ተከፍለው ካረፉ የላላ ነገር አለ ማለት ነው፤ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው የመነጽሩን ቀለበቶችና መቀመጫቸውን ነው። ሰደፉን ከብረቱ የሚያያይዙትንም ብሎኖች አትርሳ። ደግሞ በጉልበት አታጥብቅ፤ ቀለበት ከልክ ሲያልፍ የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃል። ፋብሪካው የጻፈውን ልክ የሚያሳይ መፍቻ ተዋስ።

በርሜሉ እየጋለ ሲሄድ ጥይቶቹ ተራ በተራ ወደ ላይ የሚወጡ ከሆነ፣ የሰደፉ እንጨት በርሜሉን እየገፋው ይሆናል። የዶላር ኖት በመካከላቸው አስገብተህ ወደ ኋላ ሳበው፣ የሚይዘው ቦታ ይታወቅሃል። አንዳንድ ፋብሪካ ግን ጫፉ ላይ ሆን ብሎ ያስነካዋል፤ ሞረድ ይዘህ እንዳትሮጥ! የአደን በርሜል ቀጭን ስለሆነ ሦስት ተኩሰህ እስኪበርድ ጠብቅ። ስትተኩስም አሸዋ ከረጢቱ ላይ የሚያርፈው እንጨቱ እንጂ በርሜሉ አይሁን።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጥይት ቀይር። አንዷ ጠመንጃ ባለ 150 ግሬኑን (ግሬን የአረሩ ክብደት መለኪያ ነው) ትወድና ባለ 180ውን ትተፋለች፤ ምክንያቱን ሳትፈልግ የወደደችውን ስጣት። ግን አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ አለዚያ ያዳናት የትኛው እንደሆነ አታውቅም። የበርሜሉንም ውስጥ፣ ጥይት የሚተወውን መዳብ በሚያስለቅቅ ፈሳሽ ጥረግ፤ ጨርቁ ሰማያዊ እየሆነ ከወጣ ገና አልጠራም። የመጥረጊያውን ዘንግ ከኋላ በኩል አስገባ፣ የአፈሙዙ ጠርዝ ትንሽ ከተጫረ ጥይቱን ያስታል።

አሁን እንዳትቆጣኝ፤ 30-06 ትከሻ ይመታል። ሰው አጠገብህ ይሁንና ሳታይ አልፎ አልፎ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ያጉርስልህ። በዚያ ባዶ ጥይት ላይ ቃታውን ስትስብ አፈሙዙ ወደ ታች ከነቀነቀ፣ ጥፋቱ ምቱን ፈርተህ መደንገጥህ ነውና ጠመንጃዋን ይቅርታ ጠይቃት።

ደግሞ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሦስት ጥይት ካልገባ ብለህ አትጨነቅ። የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ሰፊ ነው፤ በ100 ያርድ ሁለት ኢንች ውስጥ ከሰበሰበች፣ ሩቅ ካልተመኘህ፣ ትበቃሃለች።

የሚቀጥለውን ወረቀት እንዳትጥለው። የትኛው ጥይት መጀመሪያ፣ የትኛው መጨረሻ እንዳረፈ ቁጥር ጻፍበትና ፎቶውን ላክልኝ።

ወንድምህ