ለልጄ፦ ብስክሌቷን መልሼልሃለሁ

የኔ ጌታ፣

ይህን ስጽፍልህ አንተ ከጎን ባለው ክፍል ተኝተሃል። አንኳኩቼ በአፌ ብነግርህ ይቀል ነበር። ግን ራሴን አውቃታለሁ። በአፌ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «አንተም እኮ...» ማለቴ አይቀርም። ጽሑፍ ላይ ቢያንስ መሰረዝ ይቻላል። እስካሁን ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ።

የማክሰኞውን ነገር ነው የማነሳው። ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የጻፍከውን ድርሰት ላፕቶፕህ ላይ ክፍት ትተኸው ወጣህ። እኔም «የፊደል ስህተት ካለ ልይለት» ብዬ ቁጭ አልኩ። ስነሳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄዶ ነበር። ብስክሌቷን አወጣኋት። ያቺን የጎረቤት ልጅ አሮጌ ብስክሌት ሦስት ቀን ፈትተህ የገጠምክባትን አንቀጽ በሙሉ አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ አንዲት ብሎን ተርፋህ «ከየት እንደወጣች እስካሁን አላውቅም፤ ብስክሌቷ ግን ትሄዳለች» ያልክባትንም ጭምር። በምትኩ ስለ አመራር ክህሎት ጻፍኩ። ማኅበረሰብን ስለ መለወጥ ጻፍኩ። ደግሞ ኮርቼ ነበር።

ማታ አነበብከው። አልተቆጣህም። «ቆንጆ ነው እማ» አልከኝ። ቆይተህ ደግሞ፣ «ግን ይሄ ልጅ ማነው?»

ያኔ ሳቅኩኝ። እንቅልፍ ያጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

በፈረንጆች 2019 አሜሪካ ውስጥ ሀብታም ወላጆች ልጆቻቸውን በጉቦ ታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ሊያስገቡ ሲሉ ተያዙ። አንተ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርክ። አንዳንዱ ልጁ ነክቶት የማያውቀውን ስፖርት ተጫዋች አስመስሎ ፎቶ ያሠራ ነበር። ነገሩን ሲያቀነባብር የነበረው ሪክ ሲንገር በ2023 ሦስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ዜናውን እያየሁ «ምን ያለ ወላጅ ነው?» ስል ነበር። ተዋናይቷ ፌሊሲቲ ሃፍማን ደግሞ የልጇን የመግቢያ ፈተና መልስ ሰው እንዲያርምላት 15 ሺህ ዶላር ከፈለች። ልጅቷ ነገሩን አታውቅም ነበር። ስታውቅ ምን እንዳለች እናትየው ራሷ ለዳኛው በጻፈችው ደብዳቤ ተናግራለች። ለምን አላመንሽብኝም፣ ለምን በራሴ እንደምችል አላሰብሽም ብላ ጠየቀቻት። ፍርድ ቤቱ ለሃፍማን የሰጣት 14 ቀን እስር ነው። እኔን ብትጠይቀኝ እስሩ ይቀላል።

እኔ ለማንም ገንዘብ አልከፈልኩም። ግን የልጄን ቃል አውጥቼ የራሴን አስገባሁ። ዋጋው ብቻ ነው የሚለያየው።

ሦስተኛ ክፍል እያለህ ከመቶ 94 አምጥተህ እየሮጥክ ገባህ። እኔ ምን አልኩ? «ስድስቱስ?» ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ከዚያ ወዲህ ወረቀት ስትሰጠኝ መልሱን ቀድመህ ይዘህ ትመጣለህ። «97 ነው እማ፤ ሦስቱ የጥንቃቄ ጉድለት ነው።» ይቅርታ ሳልጠይቅህ አሥር ዓመት ሊሞላ ነው። ያንን ስድስት ዛሬ ወስጄዋለሁ። የኔ ነው።

እርግጥ በዚህ ያበድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲሰጥ፣ የእንግሊዝኛው ማዳመጥ ላይ ድምፅ እንዳይረብሽ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም። አገሩ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። እኛ ቤትም አንተ ስታጠና ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ አባትህ እንኳ ሲያስለው በረንዳ ወጥቶ ነው።

ሱኒያ ሉታር የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበረች። በ1990ዎቹ መጨረሻ በድህነት የሚያድጉ ጎረምሶችን ስታጠና፣ ለማነጻጸሪያ ያህል የባለሀብት ሰፈር ልጆችን አስገባች። እነዚህስ ምን ይሆናሉ ተብሎ ነው። የተገኘው ተቃራኒው ነው። ሲጋራው፣ መጠጡ፣ ዕፁ እነሱ ጋ ባሰ። ጭንቀቱም እንደዚያው። ቆይታ ምክንያቱን ስትፈልግ ሁለት ነገር ጎልቶ ወጣ፤ ማቆሚያ የሌለው የውጤት ግፊት፣ እና ከወላጅ መራራቅ።

ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ነው ቀልቤን የገፈፈው። ስገፋህ እየቀረብኩህ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስናወራ የከረምነው ስለ ውጤት ብቻ ነው። ባለፈው ወር ምን እንዳሳቀህ ብጠየቅ አላውቅም። የሒሳብ ውጤትህን ግን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ በቃሌ እወጣዋለሁ።

ፍሪጁ በር ላይ የለጠፍኩትን ሰንጠረዥ ደግሞ ታውቀዋለህ። የዩኒቨርሲቲ ስም፣ ደረጃ፣ ከመቶ ስንት እንደሚቀበሉ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሃርቫርድን በቀይ አክብቤዋለሁ። በ2024 ከ54 ሺህ በላይ አመልካች ነበራቸው፤ የተቀበሉት ከ2 ሺህ በታች ነው። ከተመለሱት ውስጥ ስንት ጎበዝ ልጅ እንዳለ አስበው። ይሄን ቁጥር እያየሁ ነው እንግዲህ «ጠንክረህ ካጠናህ ትገባለህ» ስልህ የነበረው። ዕጣ ቆርጦ ያልወጣለትን ሰው ሰነፍ እንደማለት ነው።

ስሙ ዋጋ የለውም ብዬ ግን አልዋሽህም። እንዲህ ብለው የሚጽፉ ወላጆች ያናድዱኛል፤ አብዛኞቹ ልጆቻቸውን አስገብተው የጨረሱ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ አቋርጠው ቢሊየነር የሆኑትን ሰዎችም አልጠቅስልህም። ያ ራሱ ሌላ ጫና ነው። የማውቀውን ልንገርህ። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2002 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተመሳሳይ ዩኒቨርሲቲዎች አመልክተው ተመሳሳይ መልስ ያገኙ ተማሪዎችን አነጻጸሩ። አንዳንዱ ስመ ጥሩ ጋ ገባ፤ አንዳንዱ ብዙም ስም የሌለው ጋ። ከዓመታት በኋላ ገቢያቸው ሲታይ በአብዛኛው ያው ነው። ልዩነቱን ይዞት የሚመጣው ልጁ ነበር ማለት ነው። ከድሃ ቤት ለመጡት ግን ስሙ ጠቅሟቸዋል፤ ይሄንንም ጽፈዋል። በ2023 ደግሞ ኢኮኖሚስቱ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ የአሜሪካን ስመ ጥር ኮሌጆች አይተው፣ አማካይ ገቢን ብዙም እንደማይለውጡ፣ ከሁሉ በላይ ከሚያገኙት አንድ በመቶ ውስጥ የመግባት ዕድልን ግን በግማሽ ያህል እንደሚጨምሩ አገኙ። ስለዚህ ጫፍ ላይ መውጣት ለሚፈልግ ስሙ ይረዳል። አንተ ጫፍ ላይ መውጣት እንደምትፈልግ ጠይቄህ አላውቅም።

በቃ እውነቱን ላውጣው። ጫፉን የፈለግኩት እኔ ነኝ። ሰው ተሰብስቦ «ልጅሽ የት ገባ?» ሲለኝ፣ አንዲት ቃል ብዬ ዝም ማለት ነበር ያማረኝ። ሌላው ይጨርሰው ብዬ። ያቺን ቃል በልቤ ስንቴ እንደተለማመድኳት ብታውቅ ታፍርብኝ ነበር። ድምፄን እንዴት ዝቅ እንደማደርግ ጭምር ተለማምጃለሁ፤ ጉራ እንዳይመስል!

ጋሉፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ የአሜሪካ ድርጅት ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2014 ወደ 30 ሺህ የሚሆኑ አሜሪካውያን ተመራቂዎችን ጠይቆ ነበር። ሥራቸውን የሚወዱትንና ኑሯቸው የሰመረላቸውን ከሌሎቹ የለያቸው የተማሩበት ቦታ ዓይነት አልነበረም ማለት ይቻላል። እንደ ሰው የሚያስብላቸው መምህር ማግኘታቸው፣ ትምህርቱን የሚያስወድዳቸውና አይዞህ የሚላቸው ሰው መኖሩ ነው ጎልቶ የወጣው። ወደ ሰንጠረዤ ሄጄ አየሁ። እንደዚህ ያለ ነገር የሚሞላበት ቦታ የለውም። ምን ዓይነት ቀለም እንደምቀባውም አላውቅም።

ሰንጠረዡን ዛሬ ማታ አንስቼዋለሁ። የማጣበቂያው ምልክት ቀርቷል፤ እሱ ቀስ ብሎ ይለቃል።

አሁን ተኛ፣ አትሥራ ማለቴ እንዳይመስልህ። እናትህ ነኝ፤ ሳትበላ ስትወጣ መናገሬ አይቀርም፣ ሌሊት ስልክ ላይ ሳገኝህ እቆጣለሁ። የት እንደምታመለክት ግን አንተ ምረጥ። ሃሳቤን ከጠየቅከኝ እነግርሃለሁ። ካልጠየቅከኝ... እሞክራለሁ። ቃል አልገባም።

የድሮውን ጽሑፍ ፋይሉ ታሪክ ውስጥ አገኘሁት። ማክሰኞ ከሰዓት የነበረው ሳይነካ አለ። መልሼዋለሁ። ብስክሌቷ ቦታዋ ናት፣ ብሎኗም። እውነተኛዋን ብሎን ደግሞ ትናንት የእርሳስ መያዣህ ውስጥ አየኋት (አዎ፣ ከፍቼ አየሁ፤ እሱንም ይቅር በለኝ)። ስትጽፍ ጎንህ አስቀምጠሃት ነበር መሰለኝ።

ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ነው። ከዚያ በፊት የይለፍ ቃሉን ቀይረው። የኔን ስልክ ቁጥርም አውጣው፤ ካለበለዚያ መልሱ ሲመጣ ካንተ ቀድሜ ማየቴ አይቀርም።

አንድ ነገር ብቻ ነክቻለሁ። አንድ ቦታ ላይ «ብሎን» ብለህ ሌላ ቦታ «ቡሎን» ብለሃል። ሁለቱንም «ብሎን» አደረግኩት። ካልፈለግከው መልሰው።

እናትህ